ምዕራፍ አራት፦ ጥቂት አፍ፣ ብዙ ዐይን

«የዘንድሮ ሰው ምን ነካው?» የሚለው ጥያቄ ድሮ ገበያ መሐል ወይም ታክሲ ውስጥ ከታየ ነገር ይነሣ ነበር፤ ዛሬ በብዛት የሚነሣው ስልክ ላይ ከተነበበ ነገር ነው። ሰው ማታ አልጋው ላይ ጋደም ይልና ፌስቡኩን ይከፍታል። ከአንድ ዜና ሥር የተደረደሩ ሃያ ሠላሳ ኮመንቶችን ያነባል፤ ስድቡን፣ እርግማኑን፣ የዘር ቆጠራውን። ስልኩን ትራስ ሥር ሲከት ግን የሚያዝነው በሃያ ሠላሳ ሰዎች ሳይሆን በአገሩ ነው። በማግስቱ ቢሮ ገብቶ «ሕዝቡ ተበላሽቷል» ሲል የሰሙት ሁሉ ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቃሉ፤ እነሱም ማታ ያንኑ ሲያነቡ አምሽተዋልና።

ስሌቱ ስሕተት አለበት። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2019 (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው) ትዊተር የሚጠቀሙ አሜሪካውያንን አጥንቶ ነበር። ከጠቅላላው ጽሑፍ 80 በመቶው የወጣው ከ10 በመቶዎቹ ተጠቃሚዎች ነው። መሐል ላይ የሚገኘው ተጠቃሚ በወር የጻፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። ማዕከሉ በ2021 ባወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በጣም ንቁ የሆኑት 25 በመቶዎቹ 97 በመቶውን ጽሑፍ እንዳመረቱ አገኘ። ከእነዚህ ጥናቶች ቀደም ብሎ፣ በ2006፣ ያኮብ ኒልሰን የተባለ የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ ነገሩን በግርድፉ «90፣ 9፣ 1» ብሎ አስቀምጦት ነበር፦ ከመቶ ሰዎች 90ዎቹ አንብበው ያልፋሉ፤ 9ኙ አልፎ አልፎ ጣል ያደርጋሉ፤ ቤቱን በድምፅ የሚሞላው አንዱ ነው።

በዕድር ስብሰባም ቢሆን የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው። መቶ አባላት በተቀመጡበት አራት ወይም አምስት ሰው እጁን እያወጣ ያወራል፤ ከእነሱም አንዱ ሁልጊዜ ያው ነው። ነገር ግን እዚያ ዝም ያለውም ይታያል። ተናጋሪው ሲያበዛ ከኋላ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ሌላው ሰዓቱን ያያል፤ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። የዕድሩ ዳኛ ይህን ሁሉ ያነባል፤ «ይብቃን» ይላል። ስልክ ላይ ግን ዝምታ መልክ የለውም። ያልተስማማውም፣ ያፈረውም፣ የሳቀውም፣ ስልኩን ዘግቶ የተኛውም እኩል አይታዩም። ስለዚህ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የሰው ዓይነቶች ማውራት ከፈለግን መጀመር ያለብን ከማይጽፉት ነው።

የማይጽፉት

ቴሌግራም ቻናል ላይ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ትንሽ የዐይን ምልክት አለች፤ ከጎኗ ቁጥር ይታያል። አርባ ሺህ ዐይን ያየው ጽሑፍ ሥር ስልሳ የልብ ምልክትና አሥራ ሁለት ኮመንት ማግኘት የተለመደ ነው። የቀሩት የት ሄዱ?

ብሌየር ኖነኪና ጄኒ ፕሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህ ጥያቄ ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። በበይነ መረብ ቡድኖች ውስጥ እያነበቡ የማይጽፉ ሰዎችን «ለምን ዝም ትላላችሁ?» ብለው ጠየቋቸው። ብዙዎቹ የሰጡት መልስ ቀላል ነበር፦ መጻፍ አላስፈለገንም፤ የፈለግነውን አንብበን አግኝተናል። ሌሎች ቡድኑን መጀመሪያ ለማወቅ እንደፈለጉ ተናገሩ። «የሚጨመር ነገር ከሌለኝ ዝም ማለቴ ለሌላው ይጠቅማል» ያሉም ነበሩ። አሠራሩ ያስቸገራቸው፣ ቡድኑን ያልወደዱትም ተገኝተዋል። ዝምተኛውን እንደ ሰነፍ ወይም እንደ ሰላይ የሚቆጥር ሰው እነዚህን መልሶች ቢያነብ ደግ ነው።

በእኛ ዘንድ በእነዚህ ላይ የሚጨመር ሌላ ምክንያት አለ፤ ፍርሃት። የመንግሥት ሠራተኛው አለቃውን ይፈራል። ነጋዴው ደንበኛውን ይፈራል። አንዱ ዛሬ የጻፈው ነገር ስክሪንሾት ተደርጎ ከሦስት ዓመት በኋላ ማን ፊት እንደሚቀርብ አያውቅም። በአንድ ቤት ውስጥ ወንድማማቾች በፖለቲካ ተለያይተው በእናታቸው ማዕድ ዙሪያ በሚቀመጡበት ጊዜ ላይክ ማድረግ ራሱ ወገን መምረጥ ይሆናል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው የአያቶቻችን ምክር ወደ ስልኩ ገብቶ እንደ ደንብ ያገለግላል። ውጭ አገር ያለው ወገናችን ለዚህ ስጋት የሚከፍለው ዋጋ አነስ ያለ ነው። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ቃሉ የሚያስከትለው መዘዝ ደጁን ሲያንኳኳ አያይም፤ የሚንኳኳው የሌላ ሰው ደጅ ነው። የአማርኛው ማኅበራዊ ሚዲያ ጩኸት ከየት እንደሚበረታ ስናስብ ይህን ልዩነት መርሳት አይገባም።

ከዝምተኞቹ ውስጥ ግን ዝምታው የሚጎዳው ዓይነት አለ። ምንም አይጽፍም፣ ላይክ አያደርግም፣ ግን ሁሉን ያውቃል። ለቅሶ ቤት ሲያገኛችሁ «ልጅሽ ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች አይደል?» ይላል። ማን ካናዳ እንደገባ፣ ማን መኪና እንደቀየረ፣ የማን ጋብቻ ፎቶ ከገጹ ላይ በጸጥታ እንደጠፋ በቃሉ ይዟል። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1954 እንደጻፈው ሰው የራሱን ልክ የሚያውቀው ከሌላው ጋር እየተያየ ነው። ፌስቲንገር በጻፈበት ዘመን አንድ ሰው ራሱን የሚያስተያየው ከጎረቤቱና ከሥራ ባልደረባው ጋር ነበር፤ ጎረቤቱን ደግሞ ሲጣላም ሲበደርም ያየዋል። ስልክ ላይ የሚታየው ግን የሰዎች የሠርግ ቀን ብቻ ነው። በ2015 ፊሊፕ ፈርዱይንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ሰዎች ፌስቡክን ሳይጽፉ ዝም ብለው እያገላበጡ ሲያዩ ቆይተው ስሜታቸው እንደሚወርድ አሳይተዋል፤ አንዱ ምክንያት ቅናት ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ውጤት የተደበላለቀ ነው፤ ማየት ሁሉንም ሰው አይጎዳም። እኔ የምለው ይህን ያህል ነው፦ እህቱን ለማየት የሚከፍትና ራሱን ለመለካት የሚከፍት ሰው ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ከውስጥ ግን አንድ አይደሉም።

ገጹ የሚያሳብቀው

ሰውን በጠባዩ መመደብ የቆየ ልማድ ነው። የጥንት ግሪኮች በአራት የሰውነት ፈሳሽ ከፋፈሉት። በ1936 ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት የተባሉ አሜሪካውያን አንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይዘው ስለ ሰው ጠባይ የሚናገሩትን ቃላት ሲለቅሙ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ አገኙ። በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ያንን ክምር እየቀነሱ፣ የሚመሳሰለውን እያጣመሩ አምስት ላይ ደረሱ፦ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ጥንቃቄና ሥርዓት፣ ተግባቢነት፣ ለሰው ለስላሳ መሆን፣ ቶሎ የመረበሽ ዝንባሌ። ዛሬ በሥነ ልቦና ሰፊ ተቀባይነት ያለው መለኪያ ይህ ነው። ጥቅሙ ሰውን በሣጥን አለመክተቱ ላይ ነው። ማንም «ተግባቢ» ወይም «ዝምተኛ» ተብሎ አይዘጋበትም፤ እያንዳንዳችን በአምስቱም ላይ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ቦታ አለን።

ብዙ ሰው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚታየው ማንነት የውሸት ነው ብሎ ያምናል። ሚትያ ባክ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2010 ይህን ፈተነ። የ236 አሜሪካውያንና ጀርመናውያን ወጣቶችን ገጽ ለማያውቋቸው ሰዎች አሳይተው «ይህ ሰው ምን ዓይነት ነው?» ብለው ጠየቁ። ግምቱ የተቀራረበው ወጣቶቹ ሊሆኑ ከሚመኙት ሰው ጋር ሳይሆን ከእውነተኛው ጠባያቸው ጋር ነበር። በተለይ ተግባቢነትና ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን በግልጽ ይታይ ነበር። ከሁሉ ለመገመት ያስቸገረው ጭንቀት ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ልብ ሊባል ይገባል፤ የተጨነቀ ሰው ፎቶ ላይ እንደ ሌላው ሁሉ ይስቃል።

የቦሌ አየር ማረፊያ ፎቶ፣ የአውሮፕላን ክንፍ በመስኮት፣ የመኪና መሪ ላይ ያረፈ እጅ ከነሰዓቱ፤ እነዚህን ሁሉም ስለሚያውቃቸው አልቆይባቸውም። ካናዳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኧርቪንግ ጎፍማን በ1956 ስለ ሰው ዕለታዊ አቀራረብ ባሳተመው መጽሐፍ ሁላችንም ሰው ፊት ስንቀርብ እንደምንተውን፣ ከመጋረጃው በስተኋላም ሌላ መልክ እንዳለን ጽፏል። ባለመኪናው ያደረገው አባቶቹ በዓል ቀን ካባ ደርበው ያደረጉትን ነው። ጉራ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ይልቅ አድካሚ ሆኗል፤ በዓሉ በየቀኑ ነውና።

ከጉረኛው ይልቅ የሚያስገርመው ሳያውቀው ራሱን የሚያሳብቀው ሰው ነው። ሚካል ኮሲንስኪ፣ ዴቪድ ስቲልዌልና ቶሬ ግሬፐል በ2013 ባሳተሙት ጥናት ከ58 ሺህ በላይ ፈቃደኞች ላይክ ያደረጓቸውን ነገሮች ብቻ አይተው የፖለቲካ አቋማቸውን፣ ሃይማኖታቸውን፣ ጠባያቸውን በኮምፒውተር መገመት እንደሚቻል አሳዩ። በ2015 ደግሞ ዉ ዩዩ ከኮሲንስኪና ከስቲልዌል ጋር ሆና ኮምፒውተሩን ከሰው ጋር አወዳደረች። አሥር ላይክ ያየ ኮምፒውተር ከሥራ ባልደረባ የተሻለ የሰውየውን ጠባይ ገመተ። ሰባ ላይክ ሲደርስ አብሮ አዳሪ ጓደኛን በለጠ፤ 150 ሲደርስ ቤተ ሰብን፤ 300 አካባቢ ሲደርስ የትዳር ጓደኛን ተስተካከለ። ያ ኮመንት የማይጽፈው ጭምት ሰውም ላይክ ካደረገ በዚህ ዐይን ሲታይ ብዙ ተናግሯል።

ይህ እውቀት ወደ ገበያ ለመውጣት ጊዜ አልወሰደም። በ2018 ካምብሪጅ አናሊቲካ የተባለው ድርጅት እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ በአንድ የጠባይ መመዘኛ መተግበሪያ በኩል እንደደረሰው ሲታወቅ ዓለም ተናወጠ። ከተጠቃሚዎቹ አብዛኞቹ መተግበሪያውን ከፍተውት አያውቁም፤ የከፈተው ጓደኛቸው ነበር። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ፌስቡክን 5 ቢሊዮን ዶላር ቀጣው። መረጃው የምርጫ ውጤት ስለ መለወጡ የቀረበ አሳማኝ ማስረጃ የለም፤ ድርጅቱ ራሱን ከሚገባው በላይ ሳይሸጥ አልቀረም። ቢሆንም ትምህርቱ አልቀረም፦ «እስኪ አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» የሚል የመዝናኛ ጥያቄ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ የሚዝናናው ጠያቂው ነው።

እንደደረሰኝ

በየቤተ ሰቡ ግሩፕ ውስጥ አንድ ሰው አለ። ጠዋት የጽጌረዳ ሥዕል ከ«እንደምን አደራችሁ» ጋር ይልካል። ቀን ላይ ነጭ ሽንኩርት በሎሚ ስኳር በሽታን እንደሚያጠፋ ያሳውቃል። ማታ ደግሞ «አስቸኳይ! ሼር ይደረግ!» የሚል የድምፅ መልእክት ያስከትላል፤ ከሥሩ አንዲት ቃል ጣል ያደርጋል፦ «እንደደረሰኝ»። ይህች ቃል ከኃላፊነት ነጻ የምታወጣ ይመስለዋል። እኔ አላልኩም፤ አስተላላፊ ነኝ ማለቱ ነው። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ ክፉ አይደለም። እንዲያውም በግሩፑ ውስጥ ለሁሉም የሚያስብ፣ የታመመን የሚጠይቅ፣ የልደት ቀን የማይረሳ እሱ ነው። አስተላላፊ የሚያደርገው ያው ደግነቱ ነው።

ሶሩሽ ቮሶጊ፣ ዴብ ሮይና ሲናን አራል በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ከ2006 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተዛመቱ ወደ 126 ሺህ የሚሆኑ ወሬዎችን ተከታትሏል። ሐሰተኛው ወሬ ከእውነተኛው ይልቅ የመጋራት ዕድሉ በ70 በመቶ ይበልጥ ነበር። እውነተኛው ወሬ 1,500 ሰው ጋ ለመድረስ ከሐሰተኛው ስድስት እጥፍ ጊዜ ወሰደበት። ተመራማሪዎቹ ጥፋቱን በሰው ሠራሽ አካውንቶች ላይ ለመጣል ሞክረው አልሆነላቸውም፤ እነሱን ከሒሳቡ ሲያወጧቸው ውጤቱ ያው ነበር። ሐሰቱን የሚያሯሩጠው ሰው ነው፤ የሚያሯሩጠውም አዲስና አስደንጋጭ ስለሚሆንበት ነው።

እዚህም ላይ ግን ሁላችንም እኩል አንሮጥም። በ2016ቱ የአሜሪካ ምርጫ ወቅት ትዊተር ላይ የተጋራውን የሐሰት ዜና ያጠኑት ኒር ግሪንበርግና ባልደረቦቹ በ2019 እንደዘገቡት 80 በመቶው የተጋራው ከናሙናው ውስጥ ከአንድ ሺህ አንድ ሰው በሚሆኑት ነው። ከአንድ ሺህ አንድ! የቀሩት 999ኙ ግን በእነዚያ ምክንያት «ሕዝቡ ውሸታም ሆኗል» ተብለው አብረው ተወቀሱ።

የእኛ ሕግ አውጪዎችም ለዚህ ልዩነት ቦታ ሰጥተዋል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ቅጣት ያስፈርድበታል። የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ከሆነ ግን ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ከፍ ይላል። ሕጉ በሥራ ላይ እንዴት ዋለ የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ተከታይ ያበዛ ሰው ሸክሙም እንደሚበዛ ማመኑ ግን ተገቢ ነው። «እንደደረሰኝ» የምትለው ቃል አዋጁ ውስጥ የለችም።

ስም የሚገዙ

ቲክቶክ ላይቭ ማታ ማታ ከፍተው ለሚያውቁ ይህ አዲስ አይሆንም። ሁለት ሰዎች ስክሪኑን ለሁለት ተካፍለው ይቀርባሉ፤ «ባትል» ይጀመራል፤ አምስት ደቂቃ ይቆጠራል። «ታፕ ታፕ አድርጉ! ሼር አድርጉ! የት ናችሁ የኔ ጀግኖች!» ይባላል። ተመልካቹ በገንዘቡ የገዛውን ሳንቲም በስጦታ መልክ ይወረውራል። ጽጌረዳዋ አንድ ሳንቲም ናት፤ አንበሳው 29,999 ሳንቲም፣ ማለትም በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ኩባንያው ከዚያ ላይ ድርሻውን ይቆርጣል።

«ይህን የሚያደርግ ሞኝ ማን ነው?» እያሉ መሳቅ ቀላል ነው። ከሚልኩት መካከል አሜሪካ የጭነት መኪና የሚነዱ፣ ሪያድና ዱባይና ቤይሩት በሰው ቤት የሚሠሩ ወገኖቻችን አሉበት። አንዲት ሴት ቀኑን ሙሉ በሰው ቤት ስታጥብና ስታበስል ትውላለች፤ የሚጠራት በትእዛዝ ነው። ሌሊት ክፍሏ ገብታ ስጦታ ስትልክ በሺዎች ፊት ስሟ ይጠራል፦ «እህቴ፣ እናመሰግናለን፣ ክበሪልን፣ ማነው ለእሷ ልብ የሚልክላት!» ገንዘቧን የሰጠችው ለዚያች ስም መጠራት ነው። አዝማሪ ቤት ተቀምጦ ስሙ በግጥም እንዲገባለት ብር ግንባር ላይ የሚለጥፍ ሰው የሚገዛውም ይህንኑ ነው፤ እሱን ግን ማንም ሞኝ አይለውም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። አዝማሪ ቤቱ ይዘጋል፤ ሰው ቤቱ ይገባል። ላይቩ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ሊነጋ ይችላል፤ የወር ደመወዝም አብሮት ይሄዳል። ደግሞ ባትሉ የሚሟሟቀው ስድብ ሲገባበት ነው። ስለዚህ ሁለት ጨዋ ልጆች በጨዋታ የጀመሩት ነገር በወሩ ወደ እናት ስድብ ሲወርድ ጠባያቸው ተቀየረ ከማለት በፊት አንበሳው የወደቀው በየትኛው ደቂቃ እንደነበር ማየት ነው።

ተሳዳቢው ማነው?

የአማርኛ ስድብ ቀድሞ ጥበብ ነበረው። አሽሙረኛው አሁንም አለ፤ ስም አይጠራም፣ «አንዳንድ ሰው…» ብሎ ይጀምራል፣ ነገሩን በሰም ጠቅልሎ ይተወዋል፣ የተነካው ሰው በራሱ ጊዜ ይመጣለታል። አሽሙረኛው ያደክማል እንጂ አገር አያፈርስም። የምናወራው ስለ ሌላው ነው፤ በፌክ አካውንት ገብቶ የሞተ ሰው ዜና ሥር ሳቅ ስለሚያስቀምጠው።

የካናዳ ተመራማሪዎች የሆኑት ኤሪን በክልስ፣ ፖል ትራፕኔልና ዴልሮይ ፖልሃስ በ2014 እንዳሳዩት ሰው ማብሸቅ የሚያስደስታቸው ሰዎች ጨካኝነትን በሚለካ ፈተና ላይ ከፍ ያለ ውጤት አላቸው፤ የሌላው ሕመም በእርግጥ ደስ ይላቸዋል። እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፤ ሲመክሯቸው የሚተዉ ሰዎች አድርጎ መቁጠር ጊዜ ማባከን ነው። ብሎክ ይደረጋሉ፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል።

ቁጥራቸው ግን ለዚህ ሁሉ ጩኸት አይበቃም። ጆን ሱለር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ2004 ስክሪን ፊት ሰው ለምን ልጓሙን እንደሚጥል ሲጽፍ ስም መደበቅን፣ አለመታየትን፣ መልሱ ወዲያው ፊት ለፊት አለመምጣቱን በምክንያትነት ዘርዝሯል። በዚያው በር ጥሩም ነገር እንደሚገባ አልዘነጋም፤ ለእናቱ ያልነገረውን ጭንቀት ለማያውቀው ሰው በኢንቦክስ የሚናገር ወጣት ያው የልጓም መላላት ውጤት ነው።

ጸሐፊው ልጓሙን ሲጥል ኩባንያው ሜዳውን ያሰፋለታል። ፌስቡክ በ2016 መጀመሪያ ከላይክ ጎን የልብ፣ የሳቅ፣ የንዴት ምልክቶችን አመጣ። በ2017 ደግሞ አንድ ምልክት ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ እንዲመዝን አደረገ፤ ብዙ የተናደዱበት ጽሑፍ ብዙ ሰው ፊት ይደርሳል ማለት ነው። የንዴት ምልክቱ ክብደት ወደ ዜሮ የወረደው በ2020 ነው። ይህ ወደ አደባባይ የወጣው የኩባንያው ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሆገን በ2021 የውስጥ ሰነዶችን ካጋለጠች በኋላ ነው፤ በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ስትመሰክር አገራችንንም በስም አንሥታለች። ዊልያም ብሬዲና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2017 ባወጡት ጥናት በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሥነ ምግባርንና ስሜትን ያጣመረ እያንዳንዱ ቃል፣ በእኛ ቋንቋ እንደ «ከሃዲ» እና «ነውረኛ» ያሉት ማለት ነው፣ ጽሑፉን በ20 በመቶ ያህል የበለጠ እንደሚያዛምተው አገኙ። የሚዛመተውም በዋነኛነት በራሱ ጎራ ውስጥ ነው። እዚህ አገር በአንድ ሌሊት ከቀልደኛነት ወደ አክቲቪስትነት የተሻገሩ ሰዎችን ያየ ሁሉ መንገዱን ያውቀዋል፦ የለዘበው ጽሑፍ መቶ ላይክ አመጣ፤ የመረረው አሥር ሺህ። ቀጥሎ የትኛውን ይጽፋል?

አሁን ወደ ተራው ሰው እንምጣ። ጀስቲን ቼንግና የስታንፎርድና የኮርኔል ባልደረቦቹ በ2017 አንድ ሙከራ አደረጉ። ተሳታፊዎቹን ለሁለት ከፍለው ለግማሹ ቀላል ፈተና፣ ለግማሹ ሆን ተብሎ የከበደ ፈተና ሰጡ፤ የኋለኞቹ ተበሳጭተው ወጡ። ከዚያ ሁሉም አንድ ጽሑፍ አንብበው ኮመንት እንዲጽፉ ተጠየቁ። አንዳንዶቹ ከጽሑፉ ሥር ያገኙት ጨዋ ኮመንቶች ነበሩ፤ ሌሎቹ ስድብ ጠበቃቸው። ሳይበሳጩ መጥተው ጨዋ ኮመንት ካገኙት መካከል ነገር የፈለጉት 35 በመቶ ነበሩ። ተበሳጭተው መጥተው ስድብ ካገኙት መካከል 68 በመቶ። ሁለቱ ቡድኖች የተከፈሉት በዕጣ ስለሆነ በተፈጥሮ ጠባያቸው የሚለያዩበት ምክንያት የለም።

ተመራማሪዎቹ በዚህ አላቆሙም። ሲኤንኤን ድረ ገጽ ላይ የተጻፉ ከ16 ሚሊዮን በላይ ኮመንቶችንም መረመሩ። ነገር ፍለጋው ማታ ማታና በሳምንቱ መጀመሪያ ቀናት ከፍ ይላል፤ ሰው በደከመው ሰዓትና ሥራ በጀመረበት ቀን ማለት ነው። አንድ ሰው ቀጥሎ ይሳደብ እንደሆነ ለመገመትም የሰውየውን የቀድሞ ታሪክ ከማየት ይልቅ ስሜቱንና የገባበትን ውይይት ማየት የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ተነሥቼ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ ልመናዬም በተለይ ለዝምተኛው አንባቢ ነው። አገር ይዳኙ፣ ከማያውቁት ጋር ይከራከሩ አላልኩም። የሚያከብሯቸው አጎትዎ ግሩፑ ውስጥ የተሳሳተ ነገር ሲያስተላልፉ ሰው ፊት አያሳፍሯቸው፤ በውስጥ መስመር ይጻፉላቸው። የሚያውቁት ሰው ሐዘኑን ወይም ሥራውን ሲያጋራ ደግሞ ተሳዳቢው እስኪቀድምዎ አይጠብቁ፤ የመጀመሪያዋን ኮመንት እርስዎ ይጻፏት።